በቀለም አሥር፣ በእርሳስ ሠላሳ ስምንት

እጄን ሰደበው።

እኔን ቢሰድበኝ ግድ የለኝም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ቤት ያልተሰደብኩት ስድብ የለም፤ ግማሹን እንዲያውም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እጄን ግን! ያውም በሰባት ሰው ፊት፣ ያውም የእህቴ ልጅ ከጎኑ ቆማ እየሰማችው።

«ይሄ የክሪስታሉ ጉድለት አይደለም» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ምስል በእስክሪብቶው ጫፍ እየወጋ። «ይሄ የምላጭ እጅ ነው። ናሙናውን አቃጥሎታል። በተቃጠለ ናሙና ደግሞ ምዕራፍ አይጻፍም።»

ምላጭ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቀው የበሩ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም መታወቂያዬን በየቀኑ ስለሚያገላብጥ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ አለን። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል፤ እንግዳ ሳስጎበኝ ሦስት እላለሁ። በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ጨረር ነው የሚያየው፤ አቶምን እንደ ተደረደረ ዶቃ ፍንትው አድርጎ ያሳያል። የሚያሳየው ግን ጨረሩ በስቶት የሚያልፍ ስስ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው። ያንን ስስ ነገር የሚያበጀው ማን ነው? ዶክተሮቹ? ዶክተሮቹ የገዛ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ደም ያወጣሉ! እኔ ነኝ የማበጀው። ከጥፍር የማይበልጥ ክሪስታል ያመጡልኛል፤ በሦስት እግር መያዣ ላይ አጣብቄ፣ የአልማዝ ዱቄት በተቀባ ወረቀት ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ እፈገፍገዋለሁ። ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የአዮን ጨረር ሥር አግብቼ የቀረችውን በለስላሳው እልጣታለሁ። አንድ ጊዜ ያሳሳሁት ናሙና ከመሳሳቱ የተነሳ ሰው ቢያስነጥስ በኖ ሄደ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ማዶ ካለው ሕንፃ መስኮት ላይ ተገኘ። ይህን ታሪክ የማያምን ካለ ያስነጠሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ጡረታ ወጥቷል።

እና ይህን እጅ ነው አቃጠለ ያለው።

ደሜ ፈላ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። «ፕሮፌሰር» አልኩት፣ «እኔ ናሙና ላቃጥል? እርስዎ ሻይ ሲያፈሉ እንደሚያሳርሩት መሰለዎት እንዴ?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ተቀመጥ፣ ምላጭ። ቁጥሩ ነው የሚናገረው።»

የቁጥሩ ነገር እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ዶክትሬቷን የምትሠራበት ክሪስታል እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ነው። አንድ የቢስሙትና የኦክስጅን ወለል፣ በላዩ ሦስት የቲታኒየም ወለል፣ ደግሞ የቢስሙት፣ ደግሞ ሦስት የቲታኒየም፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ቲታኒየሞቹ በየክፍላቸው መሃል ላይ አይቀመጡም፤ ሁሉም ባንድነት ወደ አንድ ወገን ጠጋ ይላሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ወደ ሌላው ወገን ይጠጋሉ፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እዚያው ይቆያሉ። ስለዚህ ነገር ማስታወስ ይችላል፣ ለኮምፒውተር ይሆናል ይባልለታል። ችግሩ ደጋግመው ሲያገላብጡት ይታክተዋል። አንዳንዱ ቦታ «አልገለበጥም» ብሎ ይደርቃል። ለምን እንደሚደርቅ ነው ዓለም ሲጠይቅ የኖረው።

ልጅቷ አገኘችው። ወለሎቹ የማይገጥሙበት አንድ ቦታ አለ፤ ከግራ የመጣው ሁለተኛ ፎቅ ከቀኝ ከመጣው ሦስተኛ ፎቅ ጋር ይጋጠማል፣ ሁለት ግንበኞች ሳይነጋገሩ ከሁለት ወገን እንደ ገነቡት። እሷ «ደረጃው» ትለዋለች። በደረጃው ላይ ከባዱ ቢስሙት የቲታኒየምን ወንበር ነጥቆ ተቀምጧል። ጎረቤቶቹን ጨምድዶ ስለያዛቸው አይገለበጡም።

እንዴት አወቀች? ከባድ አቶም በምስሉ ላይ ደመቅ ብሎ ያበራል። ከእሷ በፊት የነበረው ሁሉ ነጥቦቹ የት እንዳሉ እያየ «አቤት ማማሩ» ሲል፣ እሷ ነጥቡ ስንት እንደሚያበራ በቁጥር ለካች። በዚህ ቤት ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። የእኔ ወገን ደም ስላለባት ነው የተባረከችው።

ስሌቷ ግን አልገጥም አለ። መዝገቡ ላይ የናሙናው ውፍረት አሥር ናኖሜትር ይላል። አሥር ናኖሜትር ውስጥ ጨረሩ ከላይ እስከ ታች የሚያገኘው ሃያ አምስት አቶም ቢሆን ነው። የምስሉ ብርሃን ደግሞ ወደ መቶ የሚጠጋ አቶም ያለ ነው የሚመስለው። ያውም ደረጃው ላይ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ክሪስታል ሁሉ ከልክ በላይ ያበራል።

ፕሮፌሰሩ ወዲያው ፈረደ። ቢስሙት ቶሎ የሚቀልጥ ብረት ነው፤ የአዮኑ ጨረር ከበረታበት እንደ ላብ ይወጣና ፊቱን ሁሉ ይሸፍነዋል። «ላብ ነው የምናየው» አለ። «ደረጃውም የተባለው ነገር የላብ ጠብታ ነው። ምዕራፉ ይወጣል። ሐሙስ ገምጋሚዋ ስትመጣ እንወስናለን።»

ልጅቷን አየኋት። ምዕራፉ ከወጣ ከአራት ዓመት ሥራዋ የሚቀረው መግቢያና ምስጋና ነው። ከንፈሯን ነክሳ ኮምፒውተሯን ዘጋች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ሲያለቅስ ቢያንስ መሐረብ እሰጣለሁ።

*

ለምሳ ቤት ስገባ በሩን እንዴት እንደዘጋሁት ጎረቤት ይመስክር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አንድ ሙሽራ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ውስጥ ተውጣለች። የእህቴ ልጅ ዶክትሬቷን ከጀመረች ወዲህ እኛ ቤት ናት የምትኖረው፤ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ሳህን ትደረድራለች።

«ሰደበኝ!» አልኩ። «በሃምሳ ሰው ፊት!»

«አሥራ ሁለት ሰው ነበር እንዴ?» አለች ባለቤቴ ቀና ሳትል።

«ሰባት ነበርን፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

«ዛሬስ ብሶበታል።»

ይህ በቤታችን የታወቀ ቀልድ ነው፤ እኔን ግን አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም። ባለቤቴ ራሷ በሜትሯ ያልለካችውን ቁጥር አታምንም። ከተጋባን ጀምሮ የምናገረውን ሁሉ ለአራት ታካፍላለች። ሃያ ኪሎ ተሸከምኩ ስል «አምስት ኪሎ» ትላለች። ለመንገደኛ ሁለት ሰዓት አቅጣጫ አስረዳሁ ስል «ግማሽ ሰዓት» ትላለች። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኗ ነው።

«ናሙናውን አቃጥሎታል አለ እኮ! እኔን! አሥር ናኖሜትር ያደረስኩትን ሰው! አሥር! በዓለም ላይ አሥር የሚያደርስ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ አንዱ ሞቷል።»

«ታዲያ ይሄ ለአራት ሲካፈል ስንት ሊሆን ነው?» አለች ባለቤቴ፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ። «ሁለት ተኩል?»

«ሲያንስ ነው እኮ ጉራው!» አልኩ። «እዚህ ሥራ ውስጥ ሲያንስ ነው የሚያስኮራው! አይገባሽም።»

«እንግዲያ የአንተ ትንሽ ቁጥር በአራት ይባዛላ። አርባ በለኛ።»

ብላ ሳቀች። እኔም ለማስመሰል ሳቅሁ። የእህቴ ልጅ አልሳቀችም። ሳህኑን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር አላነበብኩትም፤ አንጀቴ አርሮ ስለነበር ያየሁት ምሳውን ብቻ ነው። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ሳትበላ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«የት ትሄዳለች?» አልኩ።

«ምን አውቃለሁ» አለች ባለቤቴ። «አንዳች ነገር ትዝ አላት መሰለኝ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ማሳሻ ክፍሌ መጣች። ክፍሌ መስኮት የላትም፤ አንድ መብራት፣ አንድ ቧንቧ፣ ሦስት መፈግፈጊያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ ናሙናዎቼ በየትንንሽ ክብ ሳጥናቸው ተደርድረዋል። ሁለት ሺህ ይሆናሉ እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ።

በሩን ከኋላዋ ዘጋች። በሩን መዝጋቷን አልወደድኩትም።

«ጋሼ፣ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት።»

«ጎሽ።»

«ውፍረቱን ቀየርኩት። አሥር ላይ አይገጥምም። ሃያ ላይ አይገጥምም። ሠላሳ ስምንት ላይ…» ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ጤነኛው ክሪስታል ሁሉ በነጥብ በነጥቡ ገጠመ። አንድ ሳይቀር። ከልክ በላይ የሚያበራው ደረጃው ላይ ያለው ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢስሙት የቲታኒየም ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚያበራውን ያህል ነው። ላብ የለም፣ ጋሼ። አላቃጠልከውም።»

እንዲህ የሚል ዜና የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ያቅፋታል። ይዘፍናል። እኔ ግን ወገቤ ድረስ በረዶ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፤ ሠላሳ ስምንት የሚለውን ቁጥር አውቀዋለሁና።

«ማን ሠላሳ ስምንት አለሽ?»

«ምስሉ። መነሻውን ግን እትዬ ናት የሰጠችኝ። በአራት አባዢው አለች።»

«በቀልድ? በሴትዮ ቀልድ ሳይንስ ልትሠሪ?»

«ጋሼ፣ ስንት ነው?»

«አሥር!»

«ጋሼ።»

«አሥር ነው አልኩሽ! በቀለም ጽፌዋለሁ! መዝገቡን አታነቢም?» ጮህኩ። በእሷ ላይ ጮኼ አላውቅም። «አራት ዓመት ቤቴ ተቀምጠሽ፣ እንጀራዬን… ምሳዬን እየበላሽ፣ ዛሬ እኔን በሜትር ልትለኪኝ መጣሽ? ከዚያ ከመነጽራም ፕሮፌሰርሽ ጋር አብረሽ ነው አይደል እጄን የምትሰድቢው?»

እሷ እንደ እኔ አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዲያውም ቀነሰ። ይህ የእህቴ ነው፤ እህቴም ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ጫማውን ይፈልጋል።

«እሱ እጅህን ሰደበ» አለች። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳልተኛ እጅህን ነፃ አወጣሁት። አሁን የምትከላከለው እጅህን አይደለም፣ ጋሼ። አፍህን ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች።

*

ብቻዬን ስቀር መጀመሪያ ፕሮፌሰሩን ሰደብኩት፣ ቀጥሎ ባለቤቴን፣ ከዚያ ያንን ሜትር የፈለሰፈውን ሰው። የምሰድበው ሲጠፋ ወደ ራሴ ዞርኩ።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። መዝገቡ አዲስ ነበር፤ የመጀመሪያውን ናሙና ውፍረት አርባ ሁለት ብዬ በቀለም ጻፍኩ። ያለ ውሸት፣ ያለ ጉራ። አርባ ሁለት ጥሩ ሥራ ነው፤ በዚህ ክሪስታል ላይ እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩ አነበበና ከንፈሩን ጣለ። «ሌላ አገር አሥር ያደርሱታል» አለ። ይህቺን ብቻ ብሎ ሄደ። በሳምንቱ አሥር ጻፍኩ። ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ትከሻ ቸብ መደረግ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አሥራ አንድ ዓመት ምድር ቤት የሠራ ሰው ነው።

ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። ውፍረት የሚለካው መሣሪያ ከማይክሮስኮፑ ጎን ተበላሽቶ ቆሟል፤ በላስቲክ ሸፍነውት አንዱ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦበታል። አበባው ደህና አድጓል። ሌሎቹ ደግሞ ነጥቦች የት እንዳሉ ብቻ ስለሚያዩ፣ ውፍረቱ አሥርም ሆነ አርባ ሥራቸውን አያበላሽም ነበር። ልጅቷ ብርሃን መቁጠር እስክትጀምር ድረስ ቁጥሬ እንደ ክራባት ነበር፤ ለጌጥ።

እውነቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ማወቅ አለብኝ፤ ናሙናው «ትንሽ ጨምረህ አሳሳልን» ተብሎ ሲመለስ እውነተኛውን ካላወቅኩ እበሳዋለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ናሙና ከማስረከቤ በፊት በአሮጌዋ ትንሽ ማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። በሽብልቁ ዳር ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይወጣሉ፤ አንዱ መስመር አሥራ ሁለት ናኖሜትር ገደማ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እቆጥራለሁ። የቆጠርኩትን በሳጥኗ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ከነቀኑ።

የልጅቷን ሳጥን አወረድኩ። ክዳኑን ገለበጥኩ። የራሴ ጽሕፈት፣ ደቃቃ፣ ማንንም ለማስደሰት ያልተጻፈ፤ 38።

አቤት እንዴት ተናደድኩ! ልጅቷ ከምስሉ፣ ከብርሃን፣ ከሒሳብ ተነስታ ሠላሳ ስምንት ደረሰች። እኔ ከመስመር፣ ከዓይኔ፣ ከእጄ ተነስቼ ሠላሳ ስምንት ደርሼ ነበር። ሁለታችን ሳንነጋገር ከሁለት ወገን ገንብተን ገጥመን ነበር። ይህን የመሰለ ገድል፣ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ገድል፣ ለማንም የማላወራው ሆነ! ከተናገርኩ ጉረኛ ብቻ ሳይሆን ውሸታም እባላለሁ። ካልተናገርኩ ልጅቷ መግቢያና ምስጋና ይዛ ትቀራለች፤ ምስጋናው ውስጥ ደግሞ እኔ ነኝ ያለሁት።

*

ሐሙስ ጠዋት ገምጋሚዋ መጣች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣች አጠር ያለች ሴት ናት፤ ያመጣችው አንድ ደብተር ብቻ ነው፣ ንግግሯም እንደ ቁመቷ ነው። እኔ አልተጠራሁም። ሥራ እንዳለው ሰው መፍቻ ይዤ ገባሁና በር አጠገብ ተቀመጥኩ።

የእህቴ ልጅ ገለጸች። ወለሎቹን፣ ደረጃውን፣ ወንበር ነጣቂውን ቢስሙት። ከዚያ «ውፍረቱ ሠላሳ ስምንት ናኖሜትር ቢሆን ሁሉም ይገጥማል» አለች። እኔን አላየችም።

ፕሮፌሰሩ ቀበል አደረጋት። «ቢሆን ነው ያልሽው። መዝገባችን አሥር ይላል። ስሌት እንዲገጥም ውፍረት መለወጥ ልብሱ እንዲሆነው ሰውዬውን መቁረጥ ነው።» በቀልዱ ራሱ ተደሰተ። «ይህን ሠላሳ ስምንት ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ ወረቀቶቿን አገላበጠች። ምን ትበል? አክስቴ በቀልድ ነገረችኝ ትበል? አጎቴ ይዋሻል ትበል? አውቃለሁ፤ ማለት ትችል ነበር። ሁለቱንም አላለችም። እዚያው ቆማ የአራት ዓመት ሥራዋን ለእኔ አፍ ስትሠዋ አየኋት።

ያን ጊዜ ነው የምር የተናደድኩት። የእስካሁኑ ልምምድ ነበር።

«ከእኔ!» አልኩ። መፍቻው ከእጄ ወድቆ ወለሉን ሲመታ ሁሉም ዘለለ። «ሠላሳ ስምንቱ ከእኔ ነው። አሥሩም ከእኔ ነው። አሥሩ ውሸት ነው።»

«ምላጭ፣ ውጣ» አለ ፕሮፌሰሩ።

«አልወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ነበርኩ፤ ገና መውጣቴ ነው!» ሳጥኗን ከኪሴ አውጥቼ በገምጋሚዋ ፊት ክዳኗን ገለበጥኩላት። «መዝገቡ ላይ በቀለም የጻፍኩት ለጌጥ ነው። በእርሳስ የጻፍኩት ለሥራ ነው። ቀኑን ይመልከቱ፤ ልጅቷ ስሌቱን ከመጀመሯ አምስት ወር በፊት ነው።»

ገምጋሚዋ ክዳኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እርሳስ ትናንትም ሊጻፍ ይችላል» አለች።

ሴትዮዋን ወደድኳት። ባለቤቴን የመሰለች ሰው ናት።

«ልክ ነዎት፣ እመቤቴ። እኔንም አይመኑኝ፤ ቤቴም ማንም አያምነኝም። የናሙናውን ዳር የሚያሳየውን፣ ከሩቅ የተነሣውን ምስል ይክፈቱት።»

ልጅቷ ከፈተችው። ግድግዳው ላይ ሽብልቁ ተዘረጋ፤ ከስሱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ።

«ይቁጠሩልን» አለችኝ ገምጋሚዋ።

ሄጄ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ። ጣቴን በየመስመሩ ላይ እያሳረፍኩ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሦስተኛው ትንሽ አለፍ ብሎ ደረጃው አለ። «አሥር ቢሆን ኖሮ» አልኩ፣ «ደረጃው ከመጀመሪያዋ መስመር እንኳን ወዲህ በቀረ። ሦስት መስመር ያለፈ ነገር አሥር ሊሆን አይችልም። ሠላሳ ስምንት ነው። የዛሬ ዓመት ቢጠይቁኝም ሠላሳ ስምንት ነው።»

ገምጋሚዋ በደብተሯ ላይ የሆነ ነገር አሰላችና ራሷን ነቀነቀች። «ሠላሳ ስምንት» አለች። «ታዲያ ይህ ምስል ሁልጊዜ ይነሣል?»

«ለእያንዳንዱ ናሙና» አለች የእህቴ ልጅ።

ገምጋሚዋ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። አሥራ አንድ ዓመት መስመሮቹ ፊቱ ላይ ተደርድረው ነበር። ሦስት ድረስ መቁጠር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያልቆጠረው ስለማይችል አይደለም፤ አሥር ስለጣመው ነው። ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉ ላይ «ከአሥር ናኖሜትር ባልበለጠ ናሙና» እያለ ጉራዬን በወርቅ ለብጦ ለዓለም ሲሸጥ የኖረ እሱ ነው። እኔ ለምድር ቤት እጎርራለሁ፤ እሱ ለአህጉር ይጎርራል!

«ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ፣ ጆሮው ቀልቶ። «ሁሉም ጽሑፍ ላይ እርማት ሊጻፍ ነው። ያዋረድከኝ አንተ ነህ።»

«ግማሹን እኔ ነኝ» አልኩት። «ግማሹን እርስዎ ነዎት። ደግሞ ለአንድ ጊዜ እንኳን ‹እጁ አላቃጠለም› ይበሉ። በሰባት ሰው ፊት ነው የሰደቡት፤ በሰባት ሰው ፊት ይመልሱት።»

ገምጋሚዋ ጠበቀች። እኔ ጠበቅሁ።

«ናሙናው አልተቃጠለም» አለ በመጨረሻ፣ ለጠረጴዛው።

«ምዕራፉ ይቆያል» አለች ገምጋሚዋና ደብተሯን ዘጋች። «ውፍረቱና አለካኩ በግልጽ ይጻፍ። መዝገቡም በሙሉ ይታረም፣ ያጣመመው ሰው ያቅናው።»

*

ያጣመመው ሰው ቁጭ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፣ የእህቴ ልጅ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያወረደች ክዳናቸውን ታነብልኛለች። ሁለት ሺህ አይደሉም። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው። ቆጠረቻቸው፤ ማን ቁጠሪ አላት?

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ስትገባ «ምሳ በልተሻል?» አልኳት። «በልቻለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። በእኛ ቤት ይህ ይበቃል።

ንዴቴ ግን አልበረደም። የምዕራፏን ምስል መግለጫ አሳይታኝ ነበር። ስሜ አለበት፤ ምላጭ ሳይሆን እናቴ ያወጣችልኝ። በሕትመት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። «ናሙናውን ያሳሳውና ውፍረቱን የለካው» ይልና ስሜን ጠርቶ ከጎኑ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ 38 ± 2።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት፣ መስቀሏንና ሰረዟን እያሳየኋት።

«ሁለት ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።»

«አውቃለሁ ምን ማለት እንደሆነ! በእኔ እጅ ላይ? በሕይወቴ አንዴ እውነት ብናገር፣ እሱም ላይ መጨመርና መቀነስ?»

«ያለ እሱ ማንም አያምንም፣ ጋሼ።»

«አንድ አድርጊው።»

«ሁለት ነው።»

«አንድ ተኩል!»

«ጋሼ።»

ለካ ሁለት ነው። መስመሩ ራሱ ወፍራም ነው፤ ከዚያ አጥብቆ የሚቆጥር ዓይን የለም፣ የእኔም ቢሆን። ይህን ለማንም አልናገርም።

«ቀጥይ» አልኳት።

ሳጥን አወረደች። «የመጀመሪያው። በእርሳስ አርባ ሁለት።»

መዝገቡን አየሁ። በቀለም አርባ ሁለት። ፕሮፌሰሩ ከንፈሩን የጣለበት። የሚሰረዝ ነገር አልነበረውም፤ ዓይኔን ትንሽ አሳረፍኩበትና አለፍኩ።

«ሁለተኛው። በእርሳስ ሠላሳ ዘጠኝ።»

በቀለም አሥር። እስክሪብቶዬን አንስቼ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ነው የሰረዝኩት።

«ቀስ፣ ጋሼ» አለች። «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ይቀረናል።»